«መርሲ ቢት»፦ የአንዲት የወደብ ከተማ የሙዚቃ ጋዜጣ አነሣስና አወዳደቅ

የጋዜጣ ታሪክ ሲነገር በአብዛኛው የሚወሳው የታላላቆቹ የዋና ከተማ ጋዜጦች ታሪክ ነው። በጥቂት ገጽና በጥቂት ገንዘብ ተጀምረው፣ በአንድ አካባቢ ተወስነው፣ ጥቂት ዓመታት አገልግለው ያለፉት ትንንሽ ጋዜጦች ግን የታሪክ ጸሐፊ ዓይን ብዙም አያርፍባቸውም። ይሁን እንጂ አንድ ጋዜጣ ከሚያገለግለው ኅብረተሰብ ጋር ሊኖረው የሚገባው ግንኙነት ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ይህም ግንኙነት ሲላላ ምን እንደሚከተል ጎልቶ የሚታየው በእነዚህ በትንንሾቹ ላይ ነው። በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ከተማ ከ1961 እስከ 1965 ድረስ ይታተም የነበረው «መርሲ ቢት» የተባለው የሙዚቃ ጋዜጣ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጋዜጣው በ50 ፓውንድ ብድር ተቋቋመ፤ አራት ዓመት ሳይሞላውም ስሙ ተለወጠ። በዚያች አጭር ዕድሜው ግን ዓለምን ያዳረሰ የሙዚቃ እንቅስቃሴ ከተወለደበት ስፍራ ሲነሣ በዓይኑ አይቶ መዝግቧል።

ከተማዋና ሙዚቃዋ

ሊቨርፑል በመርሲ ወንዝ አፍ ላይ የተቆረቆረች የወደብ ከተማ ናት። በ19ኛው ምዕት ዓመት ከብሪታንያ ታላላቅ ወደቦች አንዷ ስትሆን፣ መርከቦቿም ከኒውዮርክ ጋር ያገናኟት ነበር። መርከበኞች ከአሜሪካ ይዘዋቸው የሚመጡት ሸክላዎች የከተማዋን ወጣቶች ጆሮ እንደቀረጹት በብዙ ጸሐፊዎች ይነገራል፤ አንዳንድ ተመራማሪዎች ግን ይህ አባባል ከልክ በላይ ተጋንኗል ይላሉ። ያም ሆነ ይህ በ1956 ሎኒ ዶኔጋን የተባለው ዘፋኝ «ስኪፍል» የሚባለውን የሙዚቃ ዓይነት በብሪታንያ ባስፋፋ ጊዜ ጊታር ከልብስ ማጠቢያ ቆርቆሮና ሻይ ይታሸግበት ከነበረ ሳጥን ጋር አቀናጅቶ መጫወት የወጣቱ ሁሉ ምኞት ሆነ። መሣሪያው ርካሽ በመሆኑ የሠራተኛው ልጅ ሁሉ ሊሞክረው ቻለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከእነዚሁ ወጣቶች ብዙዎቹ ወደ ኤሌክትሪክ ጊታር በመሸጋገራቸው በሊቨርፑልና በዙሪያዋ በመቶ የሚቆጠሩ የሙዚቃ ጓዶች ተፈጠሩ።

በጃንዋሪ 1957 በማቲው መንገድ በአንድ ምድር ቤት ውስጥ የተከፈተው «ካቨርን» የተባለው ክበብ መጀመሪያ ለጃዝ ሙዚቃ የተቋቋመ ሲሆን፣ በ1961 ግን የምሳ ሰዓት ሳይቀር ለአዲሶቹ ጓዶች ለቋል። ከእርሱም ሌላ በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ በየመዘጋጃ ቤቱና በየጭፈራ ቤቱ በየምሽቱ ሙዚቃ ይሰማ ነበር። ስለዚህ ሁሉ የሚጽፍ ግን አልነበረም። የከተማዋ የማታ ጋዜጣ በጉዳዩ ላይ ትኩረት አልሰጠም። ከለንደን የሚመጡት የሙዚቃ ሳምንታዊዎች፣ ማለትም በ1926 የተመሠረተው «ሜሎዲ ሜከር» እና በ1952 የተመሠረተው «ኒው ሚዩዚካል ኤክስፕረስ»፣ ዓይናቸውን ያሳረፉት ለንደን በሚገኙት የሸክላ ኩባንያዎችና ሸክላ ባሳተሙ ዘፋኞች ላይ ነበር። ሸክላ ያላሳተመ ጓድ በእነርሱ ዘንድ እንደሌለ ይቆጠር ነበር። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» እንደሚባለው የሊቨርፑልን ሙዚቃ ሊጽፍ የሚችለው የሊቨርፑል ሰው ብቻ ነበር።

የአዘጋጁ አነሣስ

ያ ሰው በ1938 በሊቨርፑል የተወለደውና በወደቡ አካባቢ በድህነት ያደገው ቢል ሃሪ ነው። ሃሪ ከልጅነቱ ጀምሮ የማተምና የማሠራጨት ፍቅር የተጠናወተው ነበር። ገና በ13 ዓመቱ ስለ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የምታወሳ መጽሔት አባዝቶ ለመሰሎቹ ያዳርስ ነበር። በኋላም በሊቨርፑል የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ተማሪ ሳለ የተማሪዎችን መጽሔቶች አዘጋጅቷል። በዚያው ኮሌጅ ከጆን ሌነንና ከሠዓሊው ስቱዋርት ሳትክሊፍ ጋር ተዋወቀ። በ1960 እነርሱና ሮድ መሪ የተባለ ሌላ ተማሪ በአንድ መጠጥ ቤት ተቀምጠው ከአንድ የግጥም ንባብ ስለ መለሳቸው ሐሳብ ሲወያዩ፣ ወጣቱ ሁሉ አሜሪካንን ከሚቀዳ ይልቅ እያንዳንዳቸው በየሙያቸው ከተማቸውን ለማስጠራት ተስማሙ፤ ሌነን በሙዚቃ፣ ሳትክሊፍና መሪ በሥዕል፣ ሃሪ ደግሞ በጽሑፍ። ይህ የሃሪ ትዝታ ነው። ትዝታ በጊዜ ብዛት ሊያምር እንደሚችል ባይካድም፣ ሃሪ የበኩሉን ድርሻ ለመፈጸም ብዙ እንዳልዘገየ ግን የታተመው ጋዜጣ ራሱ ይመሰክራል።

ሃሪ በመጀመሪያ ያሰበው ስለ ጃዝ የሚጽፍ መጽሔት ለማቋቋም ነበር። ጃዝ የተከበረና የራሱ አንባቢ ያለው በመሆኑ ሐሳቡ ከንግድ አንጻር ጤናማ ነበር። ሆኖም በየምሽቱ የሚያየውና የሚሰማው ሌላ ሆነ፤ ስለዚህም ዕቅዱን ለወጠ። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ ሰው 50 ፓውንድ ተበደረ፤ በሬንሾ መንገድ ከአንድ የወይን ጠጅ መደብር በላይ ጣሪያ ሥር ያለች ክፍል ተከራየ። በኋላ ባለቤቱ የሆነችው ቨርጂንያ ሳውሪ መደበኛ ሥራዋን ትታ ጽሕፈት ቤቱን ያዘች። ስለ ስሙ ሲናገርም፣ አንድ ሌሊት ጋዜጣው የሚሸፍነውን አካባቢ በሐሳቡ ሲያካልል ፖሊስ በየዕለቱ የሚዘዋወርበት ቀበሌ ትዝ እንዳለው ያስረዳል። «ቢት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የሙዚቃ ምት ማለት ሲሆን፣ ፖሊስ የሚጠብቀው ቀበሌም ማለት ነው። «መርሲ ቢት» ሲል ሃሪ ያሰበው ሁለተኛውን ፍች፣ ማለትም በመርሲ ወንዝ ግራና ቀኝ ያለውን የሥራ ቀበሌውን ነበር።

የመጀመሪያው ዕትም

የመጀመሪያው ዕትም ጁላይ 6 ቀን 1961 ወጣ። ዋጋው 3 ፔንስ፣ የታተመው 5,000 ቅጂ ነበር። ጋዜጣው በየሁለት ሳምንቱ እንዲወጣ ታቀደ። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ ለማተም የብረት ክሊሼ ማሠራት ያስፈልግ ስለ ነበርና ወጪውም ከባድ ስለ ሆነ፣ ሃሪ ቀደም ሲል በሌሎች ጽሑፎች ላይ የታተሙ ክሊሼዎችን እየለመነ ይጠቀም ነበር። ለአከፋፋዮች፣ ለጋዜጣ መሸጫዎች፣ ለሙዚቃ መሣሪያ መደብሮችና ለክበቦች ጋዜጣውን ያስተዋወቀው እርሱ ራሱ በየደጃፉ እየተዘዋወረ ነው። የታተመው ሁሉ ተሸጠ።

በይዘቱም ከለንደኖቹ የተለየ ነበር። ሃሪ ሌነንን ስለ ጓዱ አመሠራረት እንዲጽፍለት ጠይቆት ስለ ነበር፣ ሌነን የጻፈለት በቀልድ የተሞላ አጭር ጽሑፍ በመጀመሪያው ዕትም ላይ ታተመ። ቢትልስን ከሊቨርፑልና ከሐምቡርግ ውጭ የሚያውቃቸው ባልነበረበት ጊዜ፣ አዘጋጁ የሙዚቀኛውን ጽሑፍ እንዳለ ማተሙ የጋዜጣውን ጠባይ ያመለክታል። የሙዚቃው ባለቤቶች ስለ ራሳቸው የሚናገሩበት መድረክ ሆነ። በካቨርን ዘፈኖችን ያስተዋውቅ የነበረው ቦብ ዉለርም ዓምድ ተሰጠው፤ ኦገስት 31 ቀን 1961 ስለ ቢትልስ ያሳተመው ጽሑፍ ጓዱ በወጣቱ ላይ ያሳደረውን ስሜት ከመረመሩት ቀደምት ጽሑፎች አንዱ ነው። ፕሪሲላ ዋይት የተባለች ወጣት ስለ አለባበስ እንድትጽፍ በተጠየቀች ጊዜ ደግሞ አዘጋጁ የቤተሰብ ስሟን በመዘንጋቱ፣ ቀለም መሆኑን ብቻ በማስታወስ፣ «ነጭ» በማለት ፈንታ «ጥቁር» ብሎ አተመው። ወጣቷም ስሙን ወደደችው፤ በኋላ ዓለም ያወቃት ሲላ ብላክ ተብላ ነው።

እንዲህ ያለው ስሕተት አንድ ብቻ አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ዕትሞች የፖል ማካርትኒ ስም ሳይቀር ተዛብቶ ታትሟል። እርማት የሚያይ፣ ገጽ የሚያስተካክል፣ ማስታወቂያ የሚሰበስብና ጋዜጣ ተሸክሞ የሚያዞር አንድና ሁለት ሰው ሲሆን የሚደርሰውን የሙያው ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

የመደብሩ ባለቤት

ሃሪ ጋዜጣውን ይዞ ከገባባቸው መደብሮች አንዱ በኋይትቻፕል መንገድ የሚገኘው የኤፕስታይን ቤተሰብ የሸክላ መደብር ነበር። የመደብሩ ኃላፊ ብራያን ኤፕስታይን በመጀመሪያ የወሰደው 12 ቅጂ ሲሆን፣ ወዲያው በማለቁ ደጋግሞ አስመጣ። ጁላይ 20 ቀን 1961 ከወጣው ከሁለተኛው ዕትም ደግሞ 12 ደርዘን፣ ማለትም 144 ቅጂ አዘዘ። የዚያ ዕትም የፊት ገጽ ዋና ዜና ቢትልስ ሸክላ ለማሳተም መዋዋላቸው ነበር። ኦገስት 3 በወጣው በሦስተኛው ዕትም ኤፕስታይን ራሱ ስለ አዳዲስ ሸክላዎች የሚጽፍ ዓምደኛ ሆነ።

እዚህ ላይ ታሪክ ጸሐፊዎችን ያከራከረ ነጥብ ይነሣል። ኤፕስታይን በ1964 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ስለ ቢትልስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው በኦክቶበር 1961 አንድ ወጣት ደንበኛ ሸክላቸውን ፈልጎ በመጣ ጊዜ እንደሆነ ጽፏል። ሃሪ ግን ይህን አይቀበልም። የጓዱ ስም በፊት ገጹ ላይ የሰፈረበትን ጋዜጣ በደርዘን የሸጠና በዚያው ጋዜጣ ላይ የጻፈ ሰው ስሙን አልሰማም ለማለት እንደሚያስቸግር የታተሙት ዕትሞች ያስረዳሉ። በአንጻሩ ሰው ያነበበውን ሁሉ ልብ አይልም፤ የደንበኛው ጥያቄ ያነበበውን አስታውሶት ሊሆንም ይችላል። የማይካደው ነገር ኤፕስታይን ኖቬምበር 9 ቀን 1961 ወደ ካቨርን ወርዶ ጓዱን ማየቱና በ1962 መጀመሪያ ሥራ አስኪያጃቸው መሆኑ ነው። ክርክሩን በማስረጃ ለመመርመር የተቻለው ባለ 3 ፔንሱ ጋዜጣ ቀኑን ጽፎ በማስቀመጡ ነው።

የአንባቢያን ድምፅ

ጃንዋሪ 4 ቀን 1962 ጋዜጣው የመጀመሪያውን የአንባቢያን ምርጫ ውጤት አወጣ። ቢትልስ አንደኛ፣ ጄሪ ኤንድ ዘ ፔስሜከርስ ሁለተኛ ተባሉ። ሃሪ ከብዙ ጊዜ በኋላ እንደገለጸው ግን በቁጥር ብልጫ የነበረው ሪንጎ ስታር በዚያን ጊዜ ከበሮ ይመታበት የነበረው የሮሪ ስቶርም ጓድ ነው፤ ብዙዎቹ የድምፅ ወረቀቶች በአንድ እጅ ጽሕፈትና በአረንጓዴ ቀለም በመጻፋቸው ምክንያት ተሰረዙ። ሌሎቹ ጓዶች፣ ቢትልስም ጭምር፣ ለራሳቸው ድምፅ መላካቸው ይነገራል።

የተጭበረበረ ድምፅ መሰረዙ ትክክል ነው። ሆኖም አዘጋጁ የአሸናፊው ጓድ አባል የትምህርት ቤት ጓደኛ ስለ ነበር ውሳኔው ከጥርጣሬ ነጻ ነው ሊባል አይችልም። ኤፕስታይንም ውጤቱን ጓዱን ለማስተዋወቅ ተጠቅሞበታል። ለአካባቢው ቅርብ መሆን ለጋዜጠኛው ሌላው የማያገኘውን ወሬ ያስገኝለታል፤ ያው ቅርበት ፍርዱን ሊያዳላበትም ይችላል። «መርሲ ቢት» ሁለቱንም ወርሷል።

ከፍታው

ኦገስት 23 ቀን 1962 የወጣው ዕትም ቢትልስ ፒት ቤስትን በሪንጎ ስታር መተካታቸውን ገለጸ። በኦክቶበር በዚያው ዓመት የመጀመሪያው የለንደን ሸክላቸው ታተመ። 1963 ሲገባ ነገሩ ሁሉ ከታሰበው በላይ ሆነ። የቢትልስ ሸክላዎች በብሪታንያ ገበያ ቁንጮ ላይ ተከታትለው ሲወጡ፣ ጄሪ ኤንድ ዘ ፔስሜከርስም በዚያው ዓመት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሸክላዎቻቸውን ተራ በተራ አንደኛ አደረጉ። ለሁለት ዓመታት ሊቨርፑልን ያላዩት የለንደን ጋዜጠኞች በባቡር እየመጡ በመጀመሪያ የሚያንኳኩት የሃሪን በር ሆነ። የጋዜጣው ሥርጭት እስከ 75,000 መድረሱን ሃሪ ገልጿል። በ1963 በበርሚንግሃም «ሚድላንድ ቢት» የሚባል ተመሳሳይ ጋዜጣ ተቋቋመ። ከሁሉም በላይ የጋዜጣው ስም የሙዚቃው ስም ሆነ። ሃሪ የሥራ ቀበሌውን ለማመልከት ያወጣውን ስም ሕዝቡ የከበሮው ምት አድርጎ ተረጎመው፤ ይኸው ትርጉም እስከ ዛሬ በመዝገበ ቃላት ውስጥ ሰፍሮ ይገኛል።

የዕድገቱ ዘመን አንድ ከባድ ጥፋትም ደርሶበታል። ሌነን የግጥሞቹንና የቀልድ ጽሑፎቹን ጥራዝ፣ ወደ 250 የሚሆኑ ጽሑፎች፣ ለሃሪ አስረክቦ ነበር። ጽሕፈት ቤቱ ከጣሪያ ሥር ወደ ሰፊ ክፍል ሲዛወር ያልታተሙት ጠፉ። ለዕለቱ ሥራ የሚሯሯጥ የዝግጅት ክፍል ለመዝገብ ቤቱ ግድ ሲያጣ ምን ያህል ሊከስር እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

አወዳደቁ

የውድቀቱ ምክንያት የተዘራው በዚሁ በከፍታው ዘመን ነው። ኦገስት 3 ቀን 1963 ቢትልስ በካቨርን ለመጨረሻ ጊዜ ተጫወቱ፤ ከዚያም ኑሯቸው ወደ ለንደን ዞረ። ሌሎቹም ተከተሉ። በኤፕሪል 1964 በአሜሪካ ገበያ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደረጃዎች የያዙት የቢትልስ ሸክላዎች ብቻ ነበሩ። ከዚህ ወዲያ የእነርሱ ወሬ የሊቨርፑል ወሬ መሆኑ ቀረ፤ በየትኛውም አገር የሚታተም ጋዜጣ ሊጽፈው ይችል ነበር። የለንደኖቹ ሳምንታዊዎች ብዙ ጋዜጠኛና ብዙ ገንዘብ ነበራቸው። በከተማዋ የቀሩት ጓዶች ደግሞ የሸክላ ኩባንያዎች የሚፈልጓቸውን አስቀድመው በመውሰዳቸው፣ የወጣቱም ስሜት ከለንደን ወደ ተነሡት እንደ ሮሊንግ ስቶንስ ወዳሉ ጓዶች በማዘንበሉ፣ አንባቢን እንደ ቀድሞው ሊስቡ አልቻሉም።

ለጋዜጣው ሁለት መንገድ ቀረበለት፤ ወይ ቀበሌውን አጥብቆ መያዝና በትንሹ መኖር፣ ወይ የአገር አቀፍ ጋዜጣ ለመሆን መጣጣር። በ1964 ኤፕስታይን ገንዘብ ለማግባትና ጋዜጣውን አገር አቀፍ ለማድረግ ሐሳብ አቀረበ። ሃሪ እንደሚለው በዝግጅቱ ላይ ሙሉ ሥልጣን እንደሚኖረው ቃል ተገብቶለት ነበር፤ ሆኖም ሳይጠየቅ ከለንደን የወሬና የአለባበስ ዓምድ የሚጽፍ ሰው ተቀጠረ፤ ይህ በመሆኑም ሥራውን ለቀቀ። በማርች 1965 ጋዜጣው «ሚዩዚክ ኤኮ» ተባለ። በ1966 በ1958 ከተመሠረተው «ዲስክ» ከሚባለው የለንደን ሳምንታዊ ጋር ተቀላቀለ፤ እርሱም በ1975 ታተመና ቆመ። ከሊቨርፑል የተወለደው ጋዜጣ መጨረሻው በለንደን መዝገብ ላይ የቀረ ቅጽል ስም ሆነ።

በነገሩ ውስጥ ኤፕስታይንን ብቻ ጥፋተኛ ማድረግ ፍትሕ አይሆንም። ለጋዜጣው ከማንም በፊት ደንበኛ፣ ከማንም በፊት አድናቂ የነበረ ሰው ነው። ችግሩ ከሰውየው ይልቅ ከተደራረበው ሥልጣን የመነጨ ነው። ኤፕስታይን በመጀመሪያ የጋዜጣው ሻጭ ነበር፤ ቀጥሎ ዓምደኛው ሆነ፤ ከዚያ ጋዜጣው አዘውትሮ የሚጽፍላቸው የቢትልስ፣ የጄሪና የሲላ ብላክ ሥራ አስኪያጅ ሆነ፤ በመጨረሻም ባለገንዘቡ ሆነ። አንድ ሰው የወሬው ምንጭም፣ የወሬው ተጠቃሚም፣ የጋዜጣው ባለቤትም ሲሆን፣ የሰውየው ቅንነት የቱን ያህል ቢሆን አዘጋጁ የሚቆምበት መሬት ይጠብባል።

ማጠቃለያ

ኤፕስታይን በኦገስት 1967 አረፈ። ሃሪ በ1966 ወደ ለንደን ሄዶ ኪንክስንና ፒንክ ፍሎይድን የመሰሉ ጓዶች የማስታወቂያ ሥራ ሠራ፤ በ1977 የጋዜጣውን ገጾች እንዳሉ በመጽሐፍ መልክ አሳተማቸው። ካቨርንም በ1966 በዕዳ ምክንያት ተዘግቶ በዚያው ዓመት በጠቅላይ ሚኒስትሩ በሃሮልድ ዊልሰን እጅ እንደገና ተከፈተ፤ በ1973 ለምድር ውስጥ ባቡር የአየር ማስተላለፊያ ሲባል ፈረሰ፤ በ1984 ደግሞ ለጎብኚዎች ሲባል እንደገና ተሠራ። «ሜሎዲ ሜከር» ራሱ ከ74 ዓመታት በኋላ በ2000 ከተፎካካሪው ጋር ተቀላቅሎ ቀርቷል። ስለዚህ የሙዚቃ ጋዜጦች ሞት ለትንንሾቹ ብቻ የተወሰነ አይደለም።

«መርሲ ቢት» የሞተው ግን አንባቢ አጥቶ፣ ወይም ሥራውን ባለ ማወቅ አይደለም። የተቋቋመለት ዓላማ ስለ ተሳካለት ነው። ማንም ያላያቸውን ወጣቶች እንዲታዩ አደረገ፤ ከታዩ በኋላ ግን ከእርሱ እጅ ወጡ። በዚያን ጊዜ ያልተመለሰው ጥያቄ በየምድር ቤቱ ገና እየተለማመዱ የነበሩትን ቀጣዮቹን ወጣቶች ማን ይጽፋቸው የሚለው ነበር። ጋዜጣው ከሄዱት ጋር ለመሄድ በሞከረ ጊዜ ለቀሩት የሚሆን ገጽ አጣ። ከተማዋ ከዚያ በኋላም መዝፈኗን አላቆመችም፤ ያቆመው በየሁለት ሳምንቱ ወርዶ የሚያዳምጣትና ስሟን ከእነ ስሕተቱም ቢሆን የሚጽፍላት ነው። በአንድ ወረዳ ወይም በአንድ ሙያ ዙሪያ ትንሽ ጋዜጣ ለማዘጋጀት ለሚነሣ ባልደረባ ሁሉ የሊቨርፑሉ ጋዜጣ ታሪክ የሚነግረው ይህንኑ ነው፤ ክሊሼ መለመን፣ ተሸክሞ ማዞርና በስሕተት መታረም ሁሉ የሚቻል ነገር ነው፤ ጋዜጣው ለማን እንደሚጻፍ መዘንጋት ግን በኋላ በሚገኝ ገንዘብ አይታረምም።